ለበረዶ ሆኪ የትኛው ሌንስ ይሻላል? ርቀቱን ከመለካታችን በፊት ብርሃኑን እንቁጠር

ስለ ካሜራ ሌንስ ወሬ ሲነሳ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ድረስ ያመጣል?» ብለን ነው። ሩቅ ያለውን ነገር ምን ያህል ያቀርባል ማለታችን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከጣሪያ በታች ለሚካሄድ ፈጣን ስፖርት ሁለተኛ ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብርሃን ያስገባል?» የሚለው መሆን አለበት። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ለማብራራት እሞክራለሁ። ምሳሌው የበረዶ ሆኪ ነው።

ለምን የበረዶ ሆኪ?

«በረዶ በሌለበት አገር ስለ በረዶ ሆኪ ምን አስጻፈህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ምክንያቶቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ሲሆን ሆኪ ደግሞ እዚያ እንደ እኛ እግር ኳስ ነው ማለት ይቻላል። የግዛቲቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኪ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሴንት ፖል የተካሄደው በ1945 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ቤቷ ጋዜጣ የሆኪ ጨዋታዎችን እንድታነሳ ተመደበች። ከትርፍ ጊዜ ሥራ ያጠራቀመችው ገንዘብ አንድ ሌንስ ብቻ ይገዛል። እኔ ጋዜጠኝነት ስለምማር በቴሌግራም ድምጽ ልካ «የቱን ልግዛ?» አለችኝ። ከተሳሳተች ዓመቱን ሙሉ የሠራችበት ገንዘብ ገደል ገባ ማለት ነው፣ ምደባውም ለሌላ ይሰጣል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ የበረዶ ሆኪ ለሌንስ ትልቅ ፈተና ነው። ተጫዋቹ ፈጣን ነው፣ ብርሃኑ ደካማ ነው፣ በመሀል መስታወት አለ፣ ሜዳው ደግሞ ነጭ ነው። እዚህ የሚሠራ ሌንስ በየትኛውም የቤት ውስጥ ስፖርት ይሠራል። እኔ በበረዶ ሜዳ ዳር ቆሜ አላውቅም፣ ነገር ግን ሌንስ በአብዛኛው የሂሳብ ጉዳይ ነው፣ ሂሳቡ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ እንጂ በረዶ አይፈልግም።

ጨዋታው ምን ይመስላል?

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው የእኛን ገና ጨዋታ ማሰብ ይበቃል። ቆልማማ ዱላ አለ፣ የሚመታ ነገር አለ፣ መጋፋትና መውደቅ አለ። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ተጫዋቹ የብረት ስለት ባለው ጫማ የሚንሸራተት፣ የሚመታው ደግሞ እንደ ሩር ክብ እንጨት ሳይሆን «ፓክ» የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ መሆኑ ነው። ፓኩ 7.62 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.54 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ወደ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ሲኖረው ዙሪያውን ከሰው ወገብ ትንሽ ከፍ በሚል ግድግዳ ታጥሮ ከግድግዳው በላይ መስታወት ይቆማል። ሜዳው በሁለት ሰማያዊ መስመሮች በሦስት ይከፈላል። በሁለቱም ጫፍ ያለው ክልል ወደ 23 ሜትር፣ መካከለኛው ወደ 15 ሜትር ርዝመት አለው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጉናል።

አሁን ፍጥነቱን እንይ። አንድ ተጫዋች በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢንሸራተት በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። የካሜራችን ሸተር (መዝጊያው) ለ1/125ኛ ሰከንድ ቢከፈት ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ፊቱ ብዥ ይላል። ሸተሩን ወደ 1/1000ኛ ብናፈጥነው ግን እንቅስቃሴው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያንሳል፣ ፎቶው ጥርት ይላል። ፓኩማ ሌላ ነገር ነው። ጠንካራ ምት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ይህ በሰከንድ 44 ሜትር ነው። በ1/500ኛ ሰከንድ ውስጥ ፓኩ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፣ ከራሱ ስፋት በላይ ማለት ነው። በፎቶው ላይ ክብነቱ ጠፍቶ እንደ ጥቁር ጭረት ይታያል። በመሆኑም ለሆኪ 1/500ኛ ዝቅተኛው ሲሆን 1/1000ኛ ጥሩ ነው ብለን እንነሳ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሸተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ከ1/125ኛ ወደ 1/1000ኛ ስንሄድ ብርሃኑ በስምንት እጥፍ ይቀንሳል። ለዓይናችን ደማቅ የሚመስል አዳራሽ ለካሜራው ጨለማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ የጎደለውን ስምንት እጥፍ ከየት እናምጣው?

ኤፍ የሚባለው ቁጥር

ብርሃን የምናመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ አይኤስኦ፣ ሌላው አፐርቸር ነው። አይኤስኦ ሲጨምር ካሜራው የገባውን ትንሽ ምልክት ያጎላዋል እንጂ አዲስ ብርሃን አይጨምርም። ጉድለቱም አብሮ ስለሚጎላ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። አፐርቸር ግን ሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ማለት እውነተኛ ብርሃን ገባ ማለት ነው።

የቀዳዳው መጠን የሚነገረው በኤፍ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችንን የሚያደናግረው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኤፍ ቁጥር ማለት የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (የትኩረት ርዝመት) ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ባለ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8 ሲከፈት ቀዳዳው 71 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ያው 200 ሚሊ ሜትር በኤፍ 5.6 ግን ቀዳዳው 36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስፋቱ በግማሽ ሲያንስ የቀዳዳው ክብ ስፋት በአራት እጥፍ ያንሳል፣ ብርሃኑም እንዲሁ። የስፖርት ፎቶግራፈሮች የሚይዙት ሌንስ እንደ እንስራ የሚከብደውና ውድ የሆነውም በዚሁ ነው። ያን ትልቅ ቀዳዳ የሚሞላ ትልቅና ጥራት ያለው መስታወት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሌንስ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከቻልን ግማሹ ሥራ አለቀ። «75-300 ኤፍ 4-5.6» የሚል ብናይ በ75 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 4 ድረስ ይከፈታል፣ እስከ 300 ስንስበው ግን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም ማለት ነው። ሩቁን ባመጣን ቁጥር ይጨልማል። «70-200 ኤፍ 2.8» የሚለው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 2.8 ነው።

ሂሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ አንድ የትምህርት ቤት የበረዶ ሜዳ ውስጥ ገብተን ብርሃኑን ስንለካ በ1/500ኛ ሰከንድ፣ በኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200 ሆኖ አገኘነው እንበል። ለሆኪ ይህ እንግዳ ልኬት አይደለም። ሸተሩን ወደ 1/1000ኛ ብናፈጥን ብርሃኑ በግማሽ ስለሚቀንስ አይኤስኦው 6400 ይሆናል። አሁን ሦስት ሌንሶችን እናወዳድር።

በኤፍ 2.8 ሌንስ አይኤስኦ 6400። አሁን ባሉት ካሜራዎች በደህና ይሠራል።

በኤፍ 5.6 ሌንስ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስለሚያንስ አይኤስኦ 25600። አሮጌ ካሜራ ላይ ፊት ከፊት አይለይም።

በኤፍ 1.8 ሌንስ ብርሃኑ ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ወደ 2.4 እጥፍ ስለሚበልጥ አይኤስኦ 2500 ገደማ ይበቃል።

ያው አዳራሽ፣ ያው ካሜራ፣ ያው ቅጽበት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሌንሱ ብቻ ነው።

«ሌንሱ ማረጋጊያ አለው እኮ» የሚል ሰው ይኖራል። ማረጋጊያ የእኛን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የተጫዋቹን ሩጫ አያቆምም። «በኮምፒውተር ይስተካከላል» ለሚል ደግሞ መልሱ ግማሽ አዎ፣ ግማሽ አይ ነው። በዛሬው ዘመን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች የአይኤስኦውን አሸዋ በሚያስገርም ሁኔታ ያጠራሉ። በእንቅስቃሴ የጠፋን ፊት ግን ሌንሱ ስላላየው ከየትም አያመጡትም፣ ያመጡ ሲመስሉ የፈጠሩት ነው። ለጋዜጣ ፎቶ ይህ የጥራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ ሸተር መጀመሪያ፣ አፐርቸር ቀጥሎ፣ አይኤስኦ መጨረሻ ነው።

ፍላሽስ? ለትምህርት ቤት ጨዋታ መፍትሔ አይሆንም። ከመስታወቱ በስተጀርባ ሆነን ፍላሽ ብናበራ ብርሃኑ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራሳችን ነው። በትላልቆቹ የኤንኤችኤል አዳራሾች የምናያቸው አንጸባራቂ ፎቶዎች ብዙዎቹ ጣሪያው ላይ አስቀድመው በተሰቀሉና በሬዲዮ በሚታዘዙ ትላልቅ ፍላሾች የተነሱ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ተማሪን ፎቶ ከእነዚያ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ርቀቱስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ርቀትም የራሱ ቀላል ሂሳብ አለው። የካሜራውን ሴንሰር ስፋት በርቀቱ አባዝተን ለፎካል ሌንግዙ ስናካፍል ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት እናገኛለን። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው አነስተኛው (ክሮፕ የሚባለው) ወደ 24 ሚሊ ሜትር ነው። የአክስቴ ልጅ ካሜራ ክሮፕ ነው።

300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛ በ55 ሜትር ርቀት፣ ማለትም ከሜዳው አንድ ጫፍ ሆና በሌላኛው ጫፍ ያለውን ጎል ብታነሳ 24 ሲባዛ በ55 ሲካፈል ለ300፣ 4.4 ሜትር ስፋት ታገኛለች። በረኛውና ከፊቱ ያሉት ሁለት ሦስት ተጫዋቾች ፎቶውን ይሞሉታል። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ከዚያው ርቀት 15 ሜትር ተኩል ስፋት ስለሚገባ ተጫዋቾቹ ጉንዳን ያህላሉ። እንግዲህ ባለ 300ው ሌንስ የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሜዳውን ሁሉ ይደርሳል። ቀደም ብለን እንዳሰላነው ግን የደረሰበትን በኤፍ 5.6 አጨልሞ ነው የሚያመጣው።

ቅርቡን ክልል ብቻ ብናስብ ነገሩ ይገለበጣል። በ10 ሜትር ርቀት 85 ሚሊ ሜትር 2.8 ሜትር ስፋት ይሰጣል፣ ለአንድ ተጫዋች ከነዱላው በቂ ነው። በ23 ሜትር፣ ማለትም ከጫፉ ግድግዳ እስከ ሰማያዊው መስመር ባለው ርቀት፣ 6.5 ሜትር ይሆናል። ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ሆኖም ፎቶውን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ጎኖቹ በግማሽ ቢቆረጡ 3000 በ2000 ፒክስል ይቀራል፣ ይህ ደግሞ ለኅትመት በሚፈለገው ጥራት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይታተማል። ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ይተርፋል እንጂ አያንስም። ፎቶ መቁረጥ ይቻላል፣ የጎደለ ብርሃን ግን መቀጠል አይቻልም።

መስታወቱና የምንቆምበት ቦታ

ሌንስ ከመግዛታችን በፊት መቆሚያችንን ማወቅ አለብን። ከተመልካች መቀመጫ ላይ ሆነን ከላይ ብናነሳ መስታወቱን እንሻገራለን፣ ነገር ግን ርቀቱ ይጨምራል፣ የራስ ቁር አናት እንጂ ፊት አይታይም። ሜዳው ዳር ብንወርድ ፊቱን እናገኛለን፣ በመስታወት በኩል። በኤንኤችኤል አዳራሾች መስታወቱ ላይ ለፎቶግራፈሮች ሌንስ የሚያሾልኩበት ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል። በትምህርት ቤት ሜዳ ይህ የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ ያልተጫረና የፓክ ጥቁር ምልክት ያልበዛበት ቦታ ፈልጎ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ በቀጥታ መያዝ ነው። ወደ ጎን ባዘነበልን ቁጥር መስታወቱ ምስሉን ያዛባል፣ የአዳራሹን መብራትም ያንጸባርቃል። ከላስቲክ የተሠራ የሌንስ ከለላና ጥቁር ልብስ ነጸብራቁን ይቀንሳሉ። ለዚህ ደግሞ አጠር ያለ ሌንስ ይመቻል፣ ባለ ትልቁ ዙም ሲዞር ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል።

ተመራጩ ቦታ ከጎሉ ትንሽ ጎን ያለው የሜዳው ጥግ ነው። ተጫዋቾች ወደ እኛ ስለሚመጡ ፊታቸው ይታያል። ጨዋታው በሦስት ክፍለ ጊዜ የተከፈለ ሲሆን ቡድኖቹ በየመሀሉ ጎል ይለዋወጣሉ። የራሳችን ቡድን በአንደኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያጠቃበትን ጫፍ ከመረጥን ሁለቱን ጊዜ አጥቂዎቹን፣ በሁለተኛው ደግሞ በረኛውን ከቅርብ እናገኛለን።

ቦታ ከሌንስ እንደሚቀድም አንድ የታወቀ ፎቶ ይመሰክራል። ሜይ 10 ቀን 1970 በቦስተን ጋርደን ቦስተን ብሩይንስ ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጋር ለስታንሊ ዋንጫ ሲጫወቱ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ተጨማሪው ሰዓት በተጀመረ በ40 ሰከንድ ቦቢ ኦር የማሸነፊያዋን ጎል አገባ፣ ወዲያው በተጋጣሚው ዱላ ተጠልፎ እጆቹን ዘርግቶ በአየር ላይ ተንሳፈፈ። ቦስተን ዋንጫውን ስትወስድ ከ29 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር። ያቺን ቅጽበት ያስቀረው ሬይ ሉሲየር የቦስተን ሬከርድ አሜሪካን ጋዜጣ ፎቶግራፈር ነው። እንደሚተረከው ሉሲየር የተመደበበትን ቦታ ትቶ ጎል ሊገባበት ይችላል ወዳለው ጫፍ ሄደ፣ እዚያ ያለ ሌላ ፎቶግራፈር መጠጥ ፍለጋ ተነስቶ ስለነበር በባዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ የሆነውንም አነሳ። በዚያ ሰዓት በሌላኛው ጫፍ ምንም ዓይነት ሌንስ ይዞ ቢሆን ኖሮ ይህች ፎቶ የእሱ አትሆንም ነበር።

ሦስቱ አማራጮችና ውሳኔው

ለአክስቴ ልጅ ያቀረብኩላት አማራጭ ሦስት ነበር።

አንደኛ፣ 70-200 ኤፍ 2.8። የስፖርት ፎቶግራፈሮች መደበኛ መሣሪያ ነው። ቅርቡንም መካከለኛውንም ይሸፍናል፣ ትኩረት የሚያደርግበት ሞተር ፈጣን ነው። ክብደቱ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ይደርሳል። የካሜራ አምራቾቹ ራሳቸው የሚሠሩት አዲሱ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ገንዘብ ላለው ክርክር የለውም። እሷ ግን ያን ያህል የላትም።

ሁለተኛ፣ 75-300 ኤፍ 4-5.6። ኪስ አይጎዳም፣ ሜዳውን ሁሉ ይደርሳል። ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ ለሚደረግ እግር ኳስ ወይም ሩጫ ጥሩ ነው። ለበረዶ አዳራሽ ግን ከላይ የሠራነው ሂሳብ ፈርዶበታል።

ሦስተኛ፣ 85 ኤፍ 1.8። ዙም የለውም። ቀላልና አጭር ነው፣ ያገለገለ ከተገኘ በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል። ብርሃኑ ከሦስቱም ይበልጣል። ችግሩ የሩቁን ጎል መተው ግዴታ ነው። ሌላው ስጋት ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት መቅጠኑ ነው። በ10 ሜትር ርቀት፣ በእሷ ካሜራ፣ በኤፍ 1.8 ወደ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት ይገኛል። ለአንድ ተጫዋች ይበቃል፣ ለሁለት ተከታትለው ለሚመጡ ግን አይበቃም።

ሦስተኛውን መከርኳት፣ እሷም ያገለገለ ገዛች። ነገሩ ያለ ኪሳራ አልሆነም። በሁለተኛው ጨዋታ የቡድኗ ማሸነፊያ ጎል የገባው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ በሩቁ ጫፍ ነበር። አላገኘችውም። ጋዜጣው ላይ የወጣው በዚያው ክፍለ ጊዜ ከፊት ለፊቷ የነበረው የቡድኗ በረኛ ነው፣ ፓኩን በጓንቱ ሲይዝ፣ ከራስ ቁሩ ፍርግርግ ውስጥ ዓይኑ ወለል ብሎ እየታየ። «ጎሉ የታለ?» ያሏት እንደነበሩ ነግራኛለች። ሁለቱንም ማግኘት የሚቻለው በሁለተኛ ካሜራና በብዙ ሺህ ዶላር ነው። ባለ 300ውን ብትገዛ ኖሮ የጎሉ ብዥታና የበረኛው ብዥታ ይኖራት ነበር። ሌንስ ስንመርጥ የምናነሳውን ብቻ ሳይሆን የማናነሳውንም አብረን እንመርጣለን፣ ይህን አስቀድሞ አውቆ መቀበል ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ሌንስ የማይፈታቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛው የሜዳው ነጭነት ነው። የካሜራ ብርሃን ለኪ የሚያየው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ከፊቱ ነጭ በረዶ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል፣ በረዶው አመድ ይመስላል፣ የተጫዋቹ ፊት በራስ ቁሩ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። መፍትሔው በማስተካከያው አንድ እርከን ያህል መጨመር ወይም በእጅ ማስተካከል ነው። በረዶው ውለታም አለው። የጣሪያውን መብራት ወደ ላይ ስለሚመልስ ፊቱን ከሥር ያበራዋል።

ሁለተኛው የመብራቱ መርገብገብ ነው። ብዙ የቆዩ አዳራሾች መብራት በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሠራ ለዓይናችን ሳይታወቀን ይርገበገባል። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ በእኛ አገር 50 ኸርዝ ስለሆነ 100 ጊዜ ማለት ነው። በፈጣን ሸተር ተከታታይ ፎቶ ስናነሳ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጨለም ያለ፣ አንዱ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። የቅርብ ጊዜ ካሜራዎች ብዙዎቹ መርገብገቡን ለይተው ሸተሩን በደማቁ ጊዜ የሚከፍቱበት ማስተካከያ አላቸው።

ሦስተኛው ቅዝቃዜው ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን ኪስ ውስጥ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

በረዶውንና መስታወቱን ብናነሳው የቀረው ሂሳብ በእኛም ካምፓስ ያው ነው። ማታ በአዳራሽ የሚደረግ የመረብ ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ለካሜራ ጨለማ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሌንስ እስከ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የመረብ ኳስ ሜዳ ደግሞ 18 በ9 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሩቅ የሚያመጣ ሌንስ ጭራሽ አያስፈልገንም። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሁሉም ርካሾቹ አንዱ ነው። በክሮፕ ካሜራ ከ9 ሜትር ላይ 4.3 ሜትር ስፋት ይሰጣል። ዘሎ የሚመታውንና ሊያግድ የሚነሳውን ሁለቱንም ይይዛል፣ ከ18-55ቱ ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን እያስገባ።

ስለዚህ ቀጣዩን የስፖርት ዘገባ የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ ሌንስ ከመዋሳችሁ በፊት ጨዋታው ሳይጀመር አዳራሹ ገብታችሁ በ1/1000ኛ ሰከንድ አንድ የሙከራ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ ከመቆሚያችሁ እስከ መረቡ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከላይ ባለው ስሌት ብታወጡት የትኛውን ሌንስ እንደምትጠይቁ ታውቁታላችሁ። ሂሳቡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መልካም የፎቶ ሥራ!